ለጋሼ የሚሆን ማርከሻ

«ለስንት ሰው ነው?» አልኳት ወተቱን ከማቀዝቀዣው እያወጣሁ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ አንድ ጣቷን አነሳች።

ለአንድ ሰው ከሆነ ብርጭቆ ይበቃል ብዬ ብርጭቆ ስፈልግ፣ አይበቃም ለማለት ራሷን ወዘወዘች። አንገቷ ላይ ሜትሯ ተንጠልጥሏል፤ በከንፈሯ መሀል ስፒል ነክሳለች። ስፒል የነከሰ ሰው ብዙ አያወራም፤ እኔም ወተት የሚወድ እንግዳ መጥቶባት ነው ብዬ ደመደምኩ። በሻይ ነው ወይስ ለብቻው ስላት፣ ለብቻው መሆኑን በዓይኗ አሳየችኝ። ስኳር ይወዳል ወይ ስላት ግን ዓይኗን ጨፈነች። እንግዳ ቀዝቃዛ ወተት አይሰጠውም ብዬ ድስት ጥጄ ክብሪት ስፈልግ ነው፣ ስፒሉን ከአፏ አውጥታ ቀሚሷ ላይ የሰካችው።

«እትዬ፣ የግድ መሞቅ አለበት? መርዝ ለጠጣ ሰው በቀዝቃዛው አይሆንም?»

ክብሪቱን መልሼ አስቀመጥኩት።

የጠጣው ወንድሟ ጋሼ ነበር። የጠጣውም ከባሏ መደርደሪያ ላይ፣ ቀይ ክር ከታሰረበት ጠርሙስ ነው። ይህን የነገረችኝ ግቢውን እያቋረጥን ነው። እሷ ከፊት፣ እኔ ወተቱን በጆግ ይዤ ከኋላ፤ ሩጫ የሚባለውን ነገር ከተውኩት ቆይቻለሁና ግማሹ ወተት ደረቴ ላይ ቀረ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ቀዩ ክር ልንገራችሁ። የልብስ ሰፊዋ ባል ተባይ አጥፊ ነው። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ነጭ ጋወን ይለብሳል፣ ቦርሳ ይይዛል፣ ሲጠሩት ይመጣል፤ ከሐኪም የሚለየው ታካሚዎቹ በሙሉ መሞታቸው ብቻ ነው፣ እሱም በዚሁ ይኮራል። ለአይጥ፣ ለበረሮ፣ ለትኋን፣ ለነቀዝ፣ ለያንዳንዱ የራሱ መድኃኒት አለው። መድኃኒቱን ከትልቁ ጀሪካን ወደ ትናንሽ ጠርሙስ እየገለበጠ ከወጥ ቤታቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል መደርደሪያ ላይ ይደረድራል። ሚስቱ ደግሞ የራሷ ደንብ አላት፤ መድኃኒት የገባበት ጠርሙስ ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል። በጽሑፍ አታምንም። ጽሑፍ ያነበበውን ብቻ ነው የሚያስጠነቅቀው፣ ቀይ ክር ግን ያልተማረም ያየዋል ባይ ናት። እውነቷን ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ቀይ ክር ካዩ አይጠጉም። አንዴ የእህቴ ልጅ ፀጉሯን በቀይ ሪባን ታስራ ልትጠይቀኝ ብትመጣ፣ አብሯት የሚጫወት ልጅ አጥታ ብቻዋን ስትቆዝም ነው የዋለችው።

ጋሼ ግን የሰፈሩ ልጅ አይደለም። የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው። መጠጥ መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን፣ ቀጥሎ መኪናውን፣ ቀጥሎ ሚስቱን ወሰደበት፤ መጠጥ ሲወስድ ደግሞ በቅደም ተከተል ነው። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። የብዙው ሐሳብ ታላቋ እህታቸው ጋ ይላክ የሚል ነበር። ታላቋ እህት የአዳሪ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ሆና ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ጡረታ የወጣችው እሷ ናት እንጂ ደወሉ አልወጣም፤ ይዛው ነው ቤቷ የገባችው። እዚያ ቤት ሰው በደወል ይነሳል፣ በደወል ይበላል፣ በደወል ይተኛል፤ ለውሃም ይፈቀዳል እንጂ ዝም ተብሎ አይጠጣም። ጋሼ ይህን ሲሰማ፣ እዚያ ከምትልኩኝ ከነነፍሴ ቅበሩኝ አለ። ትንሿ እህቱ አንጀቷ አልችል አለና እኔ ጋ ከመጠጡ ይደርቃል ብላ አመጣችው። ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል ነበር፤ ጋሼ ሲሆን ተገላቢጦሽ ሆነ።

የሷ ማርከሻ ሥራ ነው። እጅ ከተያዘ አፍ ይረሳል የምትል ሴት ናት። ስለዚህ ያንን ግዙፍ ሰውዬ ሶፋ ላይ አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ቁልፍ ታስተክለው ጀመር። ጋሼ የተከለው ቁልፍ የጎማ ብሎን እንደማለት ነው፤ አይላላም። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዷ፣ ልጆቹ ሽንት ቤት ደርሰው መፍታት እያቃታቸው ነው ብላ ስሞታ ልካ ነበር። ከቤት ወጥቶ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ ኪሱን ትፈትሻለች፣ አፉን ታሸተዋለች። ይህን ስታደርግ አታፍርም፣ እሱም አያፍርም፤ እንዲያውም በር ላይ ሲደርስ ሳትጠይቀው እጁን ወደ ላይ ያነሳል።

በዚህ ማርከሻ እንድትተማመን ያደረጋት ባሏ ነው። ዶክተርም በደህናው ጊዜ ይቀማምስ ነበር። አንድ ቀን ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ፣ እጅጌ እየተኮሰች፣ ሁለተኛ ከቀመስክ እህቴ ቤት ነው የምታገኘኝ፣ ያን ጊዜ አልመለስም አለችው። ስትጮህ ሴት ናት፣ ስትተኩስ ግን ዳኛ ናት። ዶክተር እናቴ ትሙት ብሎ ማለ። እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ቢሆንም መሐላው ከልብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻይ ብቻ ሆነ። እሷም ባሌን እንዲህ አድርጌ አዳንኩት እያለች፣ ባሏ የሚጠጣባትን ሴት ሁሉ ትመክር ነበር። ግማሹ ሰፈር ያለው ባል በሷ ምክር የተነሳ ቁልፍ ይተክላል።

ገባን። ጋሼ ሶፋው ላይ ነው። ጭኑ ላይ ዩኒፎርም፣ እጁ ላይ መርፌ፣ እግሩ ሥር ባለ ቀይ ክር ጠርሙስ። ከጠርሙሱ የቀረው ከአንድ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ፊቱ እንደ ታጠበ ድንች ያበራል። ሊሞት ነው የተባለ ሰው እንዲህ ደልቶት ሳይ ትንሽ ግር አለኝ፣ ግን ሞት ሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት መልክ አይኖረውም ብዬ ተውኩት። እህቱ እንደነገረችኝ፣ ቀሚስ ልታስለካ ደንበኛ ጋ ሄዳ ስትመለስ እንዲሁ ተቀምጦ ነው ያገኘችው። ከዚህ ጠጣህ ወይ አለችው፤ ጠጣሁ አለ። ምን መስሎህ አለችው፤ ጠርሙሱን አየ፣ እሷን አየ፣ ውሃ መስሎኝ አለ። ውሃ መስሎት ሙሉ ጠርሙስ እስከ ቂጡ የሚጠጣ ምን ዓይነት ጥም እንደያዘው የጠየቀው የለም። ያ ቤት ደግሞ ክረምት ከበጋ የዶክተር መድኃኒት ነው የሚሸተው። እዚያ ቤት ውስጥ አፍንጫ ሥራ ፈት ነው።

ወተቱን ሰጠሁት። ጋሼ ወተት ከልጅነቱ ጀምሮ ይጠላል። ጆጉን አየና አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ እህቱ እንባ በሞላው ዓይን እያየችው ነበርና አፉን በወተቱ ዘጋው። ጠጥቶ ሲጨርስ የመጀመሪያው የሕመም ምልክት ፊቱ ላይ ታየ።

ከዚያ ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ባሏን በስልክ የጠራችው መስኮት ከፍታ ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ከጸጉር አስተካካዩ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ጸጉር አስተካካዩ የምግብ ዘይትና የተፈጨ ከሰል ይዞ ደረሰ። ከኋላው ግማሽ ፂሙ የተላጨ ደንበኛው ፎጣ አንገቱ ላይ እንዳለ ተከትሎታል። ጸጉር አስተካካዩ በመርዝ ጉዳይ ልምድ እንዳለው ነገረን፤ አንድ የተመረዘ ውሻ በዚሁ በዘይትና በከሰል አድኗል። ውሻው በእርግጥ ዳነ ወይ አልኩት። ውሻውስ ድኖ ነበር፣ በኋላ ግን እሱን ራሱን ነከሰው።

ጋሼ ከሰሉን በዘይት ዋጠ። ጥርሱ ጠቆረ። ጸጉር አስተካካዩ ጥሬ እንቁላል ይጨመርበት አለ፤ ተጨመረበት። የጨው ውሃ ሲባል እኔ ሳህን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድም ጊዜ እምቢ አላለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፣ ዳዋው ራሱ እጁን ዘርግቶ ሲመታ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እኔ የሰውዬው ትዕግሥት ስለገረመኝ ግማሽ ፂሙን የተላጨውን ደንበኛ ሲስተርን ጥራልን ብዬ ላክሁት። ሲስተር ከሆስፒታል ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞትም ሲወለድም ይጠራሉ፣ ለሁለቱም አይቸኩሉም።

ከሲስተር በፊት የደረሰው ዶክተር ነው። ዳቦ ቤት በረሮ ሲያጠፋ ነበርና ጋወኑ በዱቄት ላይ ዱቄት ሆኗል። ሮጦ ነበር የመጣው፣ ምን ጠጣ፣ የትኛውን፣ ስንት ሰዓት ሆነው እያለ። ሚስቱ ዝም ብላ ጠርሙሱን አነሳችና አሳየችው።

ዶክተር ቆመ። እኔ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ፊቱ ከዱቄቱ ብሶ ነጣ። ጸጉር አስተካካዩ ይህን አይቶ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ሐኪም ሲደነግጥ ማየት የመሰለ ክፉ ነገር የለም።

«ምንድን ነው የነበረበት?» አለችው ሚስቱ።

የትኛው ጠርሙስ ነው አለ። ይኸው እጄ ላይ ያለው አለችው። አገላብጦ አየው። የጉንዳን ሳይሆን አይቀርም አለ። ሳይሆን አይቀርም ማለት ምን ማለት ነው ስትለው፣ የጉንዳን ነው አለ፣ ቀላል ነው አለ፣ ሰው አይገድልም አለ። ማርከሻው ምንድን ነው አለችው። ዶክተር ጋሼን አየው። ጋሼም ዶክተርን አየው። የሁለቱ አተያይ የሐኪምና የበሽተኛ አይመስልም፤ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ በድንገት የተገናኙ ሁለት ሌቦች እንጂ።

«እንቅልፍ» አለ ዶክተር።

«ለመርዝ?»

«ውሃ ብዙ ጠጥቶ እንቅልፍ።»

በዚህ መሀል ሲስተር ከዘራቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ዘይቱን አዩ፣ ከሰሉን አዩ፣ የእንቁላል ቅርፊቱን አዩ፣ እኔን ከነሳህኔ አዩኝ። መጀመሪያ ያሉት፣ ከዚህ በኋላ በዚህ ሰውዬ አፍ ውስጥ አንድ ነገር የሚጨምር ሰው እጁን በከዘራ እመታዋለሁ ነው። የሚያስታውክ ነገር የሚገድልበት መርዝ አለ፤ ወተት የሚያባብሰው አለ፤ ለአንዱ መርዝ የሚሆን ማርከሻ ለሌላው ሞት ነው ብለው ጸጉር አስተካካዩን እስኪያፍር ድረስ ገሠጹት። ከዚያ ጋሼ አጠገብ ተቀመጡና የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገልብጠው አዩ። የልቡን ምት ቆጠሩ። ምላስህን አውጣ አሉት፤ ጥቁር ምላስ አወጣ። ጋሼ ይህ ሁሉ ሲደረግበት ቀስ ብሎ አንድ የድሮ ዘፈን ያንጎራጉር ነበር።

ሲስተር አጎንብሰው ትንፋሹን አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ቀና ብለው ዶክተርን አዩት።

«የመርዙ ስም ማን ይባላል?»

ስም የለውም አለ ዶክተር፤ እኔው ነኝ የቀመምኩት። ምን ምን ገባበት አሉት። ብዙም የለበትም፣ ውሃ ይበዛዋል አለ።

«ውሃስ አልበዛውም» አለ ጋሼ፣ ቅር ብሎት።

እህቱ መቃዠት ጀመረ ብላ አፏን ያዘች።

ሲስተር ረጋ ብለው፣ ሁለት መንገድ አለ አሉ። አንደኛው፣ መርዙ ምን እንደሆነ ይታወቅና ማርከሻው ይሰጠዋል፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ጠርሙሱን ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ያ ካልሆነ ክሊኒክ ይወሰዳል፤ እዚያ በአፍንጫው ቱቦ አስገብተው ሆዱን ያጥቡታል። ቱቦው ምን ያህል እንደሚወፍር በጣታቸው አሳዩ። እውነተኛው ቱቦ እንደዚያ አይወፍርም፤ በኋላ ስጠይቃቸው አዎ አይወፍርም አሉኝ።

ልብስ ሰፊዋ አልጠበቀችም። ታክሲ ላስቁም ብላ እየሮጠች ወጣች፣ ጸጉር አስተካካዩም ደንበኛውም ተከተሏት። ሲስተር እጄን ልታጠብ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሳሎኑ ውስጥ ዶክተር፣ ጋሼና እኔ ቀረን። እኔ ሳህን ይዤ ነበርና እንደ ዕቃ ተቆጠርኩ መሰለኝ፣ ሁለቱም አላዩኝም።

ዶክተር ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ በእናትህ፣ ተናገርና ገላግለኝ» አለው።

«ምን ብዬ?»

«መጠጥ ነው በላት።»

«እሺ። የማን ነው ስትለኝስ?»

ዶክተር ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ነቀዝ የማያጠፋ ሰው ያወጣው ተረት መሆን አለበት።

«የኔ ነው በላት» አለው በመጨረሻ።

«ማን ያምነኛል? በር ላይ ትፈትሸኛለች እኮ። ኪሴ ውስጥ ከቁልፍ በቀር ምን አለ?»

ዶክተር ግንባሩን በጋወኑ ጠረገና የባሰ ዱቄት ቀባው። እንዴት አገኘኸው ታዲያ አለው፤ መርዝ መሀል ነው የደበቅኩት፣ ክር አስሬበታለሁ፣ እንኳን ሰው አይጥ አይጠጋውም።

«ከዚያ ሁሉ ጠርሙስ አቧራ የሌለበት እሱ ብቻ ነው» አለ ጋሼ።

እውነቱን ነው። ባለሙያ ባለሙያን ያውቃል። ያን ጊዜ ነው ለኔም የገባኝ። ዶክተር አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ መድኃኒት ላስቀምጥ ብሎ ወደ ጠባቧ ክፍል ሲገባና እያፏጨ ሲወጣ ከግቢው ማዶ እሰማው ነበር። ሥራውን የሚወድ ሰው ነው እያልኩ ለሌላ ሰው ሁሉ አመስግኜዋለሁ።

ዶክተር ይለምነው ጀመር። እህቷ ቤት ትሄዳለች፣ አልመለስም ካለች አትመለስም፣ አንተ ወንድሟ ነህ፣ አንተን አትፈታህም እያለ። ጋሼ ጥቁር ጥርሱን እየመጠጠ አሰበ። ሰካራም ሲያስብ ደግሞ ፊቱ ያሳዝናል። መልስ ሳይሰጠው ልብስ ሰፊዋ ተመለሰች። ታክሲው በር ላይ ቆሟል።

የጋሼን ጫማ ከሶፋው ሥር ጎትታ አወጣችና ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እግሩን አንስታ ታለብሰው ጀመር። የግራውን ለቀኝ እያደረገች ነው። ያቺ ክር በመርፌ ቀዳዳ ሳታይ የምታስገባ ሴት የጫማ ማሰሪያ መሳብ አቃታት። ልርዳሽ ብዬ ጠጋ ስል ነው ስታወራ የሰማኋት፤ ድምፅዋ ከጉልበቱ በላይ አይሰማም።

«ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ የቀይ ክሩን ነገር ስናገር ላንተ ሳልነግርህ። ከመጠጥ ላድንህ ብዬ አምጥቼ፣ ጋሼ፣ እኔው ገደልኩህ።»

 ሲስተር ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል፣ የታጠቡት እጃቸው ደርቋል።

ጋሼ እህቱን አየ። ከዚያ ዶክተርን አየ። ከዚያ ያ ወተት የሚጠላ፣ ከሰልና ጥሬ እንቁላል የዋጠ ሰውዬ ጫማውን ገልብጦ እንዳደረገ ከሶፋው ተነሳ፤ ተወዛወዘ፣ ቆመ።

«እንሂድ» አለ። «ቱቦውም ቢሆን ይምጣ።»

እህቱን ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ በሩ ድረስ ተራመደ። የሄደው ለዶክተር ብሎ ነው፤ ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ሲስተር ያውቃሉ፣ ከሁሉ በላይ ዶክተር ያውቃል። ልብስ ሰፊዋ ግን ገና ወለሉ ላይ ነበረች፣ እንባዋ በሜትሯ ላይ እየወረደ።

ዶክተር ጋወኑን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው አላውቅም፤ ምናልባት ቀጥሎ ያደረገውን በሥራ ልብሱ ላለማድረግ ይሆናል። ጠርሙሱን ከጠረጴዛው አነሳ፣ ከቂጡ የቀረችውን ትንሽ ነገር አየት አደረገና አንጋጦ ጠጣት።

ጸጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ሁለተኛውም ሄደ አለ።

ዶክተር ግን አልሄደም። ቆመ። ፊቱ ላይ የታየው የመርዝ አልነበረም፤ ዘመድ ድንገት ያገኘ ሰው ፊት ነው። ከንፈሩን ሊጠርግ እጁን አነሳ፣ ሚስቱ እያየችው መሆኗን ሲያስተውል ግን መልሶ አወረደው። ከዚያ መሬት መሬት እያየ ነገራት። መጠጥ ነው። የሱ ነው። ብዙ አይደለም፣ ሥራ ሲበዛበት ብቻ ነው፣ ክሩንም ራሱ ነው ያሰረው። ሥራ የሚበዛበት መቼ መቼ እንደሆነ አልዘረዘረም፣ ማንም አልጠየቀውም።

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። ጠርሙሱን ከእጁ ወሰደችና አሸተተችው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችና የክሩን ቋጠሮ በብርሃን አየችው፤ የተበላሸ ስፌት እንደሚመረምር ሰው ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄማ የኔ ቋጠሮ አይደለም» አለች። «አይቼው ነበር እኮ። ስቸኩል የቋጠርኩት መስሎኝ ነው።»

ሲስተር ከዘራቸውን አነሱ። በሽታውም ማርከሻውም ታውቋል፣ ነገ ራሱን ሲያመው ውሃ ስጡት፣ ከሰሉ በራሱ ጊዜ ይወጣል፣ ሲወጣ እንዳትደነግጡ አሉና ወጡ። ጸጉር አስተካካዩ የዘይቱን ጠርሙስ ሰበሰበ። እኔም ሳህኔን ይዤ መነሳት ነበረብኝ፤ ግን ሰው እንደዚያ ባለ ሰዓት ብቻውን አይተውም። ደግሞ ጆጉ የኔ ነው።

ጋሼ አሁንም በሩ ጋ ነው፤ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቆሟል። የመፈተሻው ሰዓት የደረሰ መስሎት ይሁን ወይም እጅ መስጠቱ ይሁን አልገባኝም። ልብስ ሰፊዋ ጎኑን ነካ አድርጋ አሳለፈችውና አንገቷን ወደ ውጭ አውጥታ ሹፌሩን ጠብቀን አለችው። ከዚያ መኝታ ቤት ገባች። ቁም ሳጥን ሲከፈት ሰማን። ሻንጣ ከላይ ሲወርድ ሰማን፤ ያንን ድምፅ የማያውቅ ባለትዳር የለም።

ዶክተር ወንበር ላይ ወደቀ። ጋሼ ቀስ ብሎ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱም እንደ ፈተና የወደቁ ተማሪዎች ጉልበታቸውን ይዘው ወለሉን ያያሉ። ዶክተር ሂድና አናግራት አለው፤ ጋሼ እኔ ዛሬ ብዙ ጠጥቻለሁ፣ የሰው ፊት አልቀርብም አለው። ዶክተር እኔን አየኝ። እኔም ጆጉን አየሁ።

በመጨረሻ ራሱ ተነስቶ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመ። እኔም ጆጌን ፍለጋ ብዬ ተከተልኩት። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን ጠርጋ ጨርሳለች፤ እንደ ሥራዋ ቀን ረጋ ብላ ታጥፋለች። ዶክተር ብዙ ነገር አላት። ይቅርታ አላት፣ ከዛሬ ጀምሮ አላት፣ ሊምልም ጀምሮ በማን እንደሚምል ቸግሮት ተወው። እሷ አንድ ካልሲ ጥንዱን ስትፈልግለት ነበር፤ አገኘችውና ጠቀለለችው። ካልሲው የወንድ ነበር። ዶክተር ግን የሚያየው ፊቷን እንጂ ካልሲውን አልነበረም።

ውጭ ያለው ታክሲ ጥሩምባ ነፋ።

«እህትሽ ቤት ልትሄጂ ነው?» አላት፣ ድምፁ አልቆ።

ልብስ ሰፊዋ የሱን ሱሪ ወገቡን ይዛ አራገፈችው፣ በተተኮሰበት መስመር አጠፈችውና ከጋሼ ሸሚዝ ጎን አስተኛችው።

«እኔ ደግሞ ምን ጠጥቼ?»